የወንዱ ድርሻ፦ የጥንት ቻይና ሐኪሞች ስለ ወንድ ዘር ምን አሉ?

«መካን» የሚለው ቃል ሲነሳ ቀድማ ሐሳባችን ውስጥ የምትመጣው ሴት ናት። ባልና ሚስት ተጋብተው ሦስት አራት ዓመት ልጅ ሳይመጣ ከቆየ፣ ቡና ላይ የሚነሳው የእሷ ነገር ነው። «ምን ሆና ነው?» ይባላል። «እሱስ?» የሚል ግን እምብዛም የለም። እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ የሕክምና ታሪክ ሳነብ፣ ከ1300 ዓመት በፊት የኖረ አንድ ቻይናዊ ሐኪም ልጅ ላጡ ጥንዶች «ሁለታችሁም ታከሙ» እንዳለ ሳገኝ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? የትኛውስ ዛሬ ይሠራል?

ከመሠረቱ እንጀምር። በቻይና ሕክምና ትልቁ ጥንታዊ መጽሐፍ «ኋንግዲ ኔይጂንግ» ይባላል፤ የተጠናቀረው ከዛሬ 2000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ የወንድ ዕድሜ በስምንት በስምንት ዓመት ይቆጠራል። በ8 ዓመቱ ጥርሱን ይለውጣል። በ16 ዘሩ ይፈስሳል፣ መውለድም ይችላል። በ40 ፀጉሩ መሳሳት ይጀምራል፤ በ64 ጥርሱም ፀጉሩም ይረግፋል። ይህን ሁሉ የሚመራው፣ እንደ መጽሐፉ አባባል፣ ኩላሊት ነው። ኩላሊት «ጂንግ» የሚባለውን ያከማቻል፤ ጂንግ ማለት ሰው ከወላጆቹ የሚወርሰው፣ በምግብ ደግሞ የሚደጉመው የሕይወት ጉልበት ነው። የወንድ ዘር የዚሁ የጂንግ አንድ መልክ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነበር፦ ዘሩን ያለ ልክ የሚያፈስ ሰው ከዕድሜው ላይ ያወጣል። መጽሐፉ ሰዎች ገና በ50 ዓመታቸው የሚደክሙት ለምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅም፣ ሰክሮ ከሴት ጋር መተኛትን ከምክንያቶቹ አንዱ ያደርገዋል።

ይህ ትምህርት በድብቅ የሚነገር አልነበረም። በ1973 በሁናን ክፍለ ሀገር፣ ቻንግሻ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ማዋንግዱይ፣ ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ168 የተዘጋ የአንድ መኳንንት ልጅ መቃብር ተከፈተ። ውስጡ የፍልስፍና መጻሕፍት፣ የአካል እንቅስቃሴ ሥዕሎችና የሕክምና ጽሑፎች ተገኙ። ከነሱ ጋር ስለ ግንኙነት ምክር የሚሰጡ ጽሑፎችም ነበሩ። ነገሩን የሚያዩት እንደ ምግብና እንደ እንቅልፍ፣ ጤናን የመጠበቂያ አንዱ መንገድ አድርገው ነው።

አሁን ወደዚያ ሐኪም ልመለስ። ስሙ ሱን ሲሚያው ነው፤ የሞተው በ682 ነው። ወንድ በስንት ቀን አንዴ ዘሩን ቢያፈስ ጥሩ እንደሆነ በቁጥር አስቀምጧል፦ በ20 ዓመቱ በ4 ቀን አንዴ፣ በ30 በ8 ቀን፣ በ40 በ16 ቀን፣ በ50 በ20 ቀን። ከ60 በኋላ ይቅር፤ ጉልበት ያለው ከሆነ ግን በወር አንዴ። ይሁን እንጂ ነገሩን ክልከላ ብቻ አላደረገውም፤ ጠንካራ ሰው ራሱን አስገድዶ ለረጅም ጊዜ ቢከለክል እንደሚታመም ጽፏል። አንድ ታሪክም ይተርካል። ዕድሜው ከ70 ያለፈ የገጠር ሰው መጥቶ «ሰሞኑን ጉልበቴ በረታ፣ ከባለቤቴ ጋር መተኛት ያምረኛል፣ ይሳካልኝማል፤ ደህና ነው?» አለው። ሱን ሲሚያው ግን ዘይቱ ሊያልቅ የደረሰ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ቦግ እንደሚል ነገረው። ሰውየው በ40 ቀን ገደማ ታሞ ሞተ።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ስለ መውለድ የጻፈው ነው። ልጅ የሚጠፋው ባልም ሚስትም በድካምና በሕመም ሲጎዱ ነው ይላል፤ ስለዚህ ለእሱ አንድ መድኃኒት፣ ለእሷ ሌላ ያዝዛል። መድኃኒቶቹ ይሠሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ሰባተኛው መቶ ዓመት ላይ ባልየውን አብሮ በሽተኛ ወንበር ላይ ማስቀመጡ ነው የገረመኝ።

ሒሳባቸው ግን ስህተት ነበር። ዘርን የሚሠራው ኩላሊት አይደለም። ስፐርም ቆለጥ ውስጥ በየቀኑ ይመረታል፣ አንዱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይወስዳል፣ እያለቀ የሚሄድ የተቆጠረ ክምችት የለም። አንዳንድ ጽሑፎች ደግሞ ዘሩን በጣት ተጭኖ ማስቀረት ወደ አንጎል እንዲወጣ ያደርገዋል ይሉ ነበር፤ እውነቱ ግን ወደ ፊኛ ገብቶ ከሽንት ጋር ይወጣል። ሌላም ጉድለት አለ። ብዙዎቹ የተጻፉት ብዙ ሚስት ላላቸው ባለጸጋ ወንዶች ስለነበር፣ ሴቷን የወንድ ጉልበት ማደሻ አድርገው ያዩአታል።

ፍርሃቱ የቻይና ብቻ አይደለም። ሐኪም የነበረው ራምባምም በ«ሚሽኔ ቶራ» ውስጥ፣ የግሪክን ሕክምና ተከትሎ፣ ዘር የሰውነት ኃይልና የዓይን ብርሃን እንደሆነና ያበዛው ቶሎ እንደሚያረጅ ጽፏል። በ1760 ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ቲሶ ስለ ግለ ወሲብ ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ አውሮፓን በሙሉ አስፈራ። ፍርሃቱ ራሱ ሕመም ሆነ፦ በሃያኛው መቶ ዓመት በታይዋን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች፣ ወገቤን አመመኝ፣ ዞረብኝ፣ ደከመኝ የሚሉና ምክንያቱ ዘሬን ማፍሰሴ ነው ብለው የሚያምኑ ወጣቶችን አክመዋል። ዛሬም ስልካችሁ ላይ ይኸው ወሬ በአዲስ ልብስ ይመጣል። ግለ ወሲብ መካን አያደርግም።

በእውነት የሚጎዳው ሌላ ነው፦ ሲጋራ፣ ካደጉ በኋላ የሚይዝ ጆሮ ደግፍ፣ ቆለጥ አካባቢ የሚያብጥ የደም ሥር። ጂም የምትሄዱ ደግሞ ይህን ስሙ፦ ጡንቻ ለማሳደግ የሚወጋ ቴስቶስትሮን የስፐርም ምርትን ሊያቆም ይችላል።

ዛሬ ሐኪሞች እንደሚያውቁት፣ ልጅ ካልመጣላቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱ ድርሻ አለበት። የወንዱ ምርመራ ከሴቷ ይልቅ ቀላል ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ነው። ኩፓት ሆሊም ሄዶ ሐኪሙን መጠየቅ ይበቃል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ እሷ ዓመታት ከተመላለሰች፣ መርፌ ከተወጋች፣ ካለቀሰች በኋላ ነው እሱ የሚመረመረው። በሚቀጥለው ቡና ላይ ያ ጥያቄ ሲነሳ፣ «እሱስ ተመርምሯል?» የምንል ሰዎች ብንሆን ደስ ይለኛል።