የዝንጀሮዎች ዐመፅና የወጨጫ ደን

ሰው በእንስሳት ላይ ሠልጥኖ ሲኖር፥ ተገዢው አንድ ቀን ገዢ ቢሆን ምን ይሆናል የሚለው አሳብ የደራስያንን ልቡና ሲያነሣሣ የኖረ ነው። ፈረንሳዊው ፒዬር ቡል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ዝንጀሮዎች የሚገዙበትን፥ ሰዎች የሚታደኑበትን ዓለም በልብ ወለድ መጽሐፍ ገለጸ። ድርሰቱም በ1968 በአሜሪካ ፊልም ሆኖ ታየ፤ ብዙ ተከታዮችም ተሠሩለት።

በ2011 የወጣው ፊልም የዐመፁን መነሻ ያሳያል። ቄሣር የተባለው ቺምፓንዚ፥ ለመድኃኒት መሞከሪያ ከተያዘች እናት ተወልዶ በሰው ቤት ያድጋል፤ በኋላም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይዘጋበታል። ከዚያ ወገኖቹን አስከትሎ ያምፃል። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመለከት፥ ሠራዊቱ የሚገሠግሠው ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ወዳለው ደን ነው። የፈለገው መኖሪያ እንጂ ዙፋን አልነበረም።

ይህን ነገር አባቶቻችን በተረት ቀድመው ነግረውናል። ገላዋን ሁሉ እሾህ የወጋት ዝንጀሮ፥ ከየትኛው እንንቀልልሽ ብትባል «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል።

በአገራችን ጎሬላና ቺምፓንዚ የሉም፤ ጭላዳና ጉሬዛ ግን አሉ። ጭላዳ ሣር እየጋጠ የሚኖር፥ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ፍጥረት ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 ሁለቱን ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቅ ስማቸውን ከእኛው ቋንቋ ወሰደ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ይጠራሉ። ይሁን እንጂ መታወቁ ለጉሬዛ አልበጀውም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጥቁርና ነጭ ቆዳው ለአውሮፓ ወይዛዝርት ልብስ ይላክ ነበርና።

ይኸው ጉሬዛ በሰበታ አቅራቢያ፥ በወጨጫ ተራራ ላይ በሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ይኖራል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከወፍ ዋሻ የጽድ ችግኝ አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ግን በዙሪያዋ የነበረው የአገር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፈጨፈ። በዘመነ ምኒልክ የገባው ባሕር ዛፍ የሰውን ችግር አቃለለ እንጂ የጥንቱን ደን አልመለሰም።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በፍጥነት በመስፋፋት ላይ ናቸው። ማሳና ግጦሽ የነበረው መሬት የመኖሪያ ቤትና የፋብሪካ ስፍራ ሆኗል። ሰው መጠለያ መሥራቱ የተገባ ነው፤ ነገር ግን ጉሬዛ አቤቱታ አያቀርብም፥ ጦርም አይመዝም፤ ደኑ ሲያልቅ ዝም ብሎ ይጠፋል። በፊልሙ የሚያስፈራን የዝንጀሮዎቹ ዐመፅ ነው፤ እኛን ይልቅ ሊያስፈራን የሚገባው ይህ ዝምታ ነው።

እንግዲህ የከተማ ፕላን የሚያወጣ ሹም ከመንገዱና ከቦታ ክፍፍሉ በፊት የደኑን ወሰን ያስምር። መምህርም ተማሪዎቹን ወደ ሱባ ወስዶ፥ ስሙን ዓለም ከእኛ የተዋሰውን ፍጥረት በመኖሪያው ሳለ ያሳያቸው። የመቀመጫውን ማስቀደም ማለት ይህ ነው።