ከታማሚው ልጅ እስከ 95 ዓመቱ አዛውንት፦ ዮጋ እንደገና ለመነሳት እንዴት ጠቀመ?



"ዶክተር፣ ምርመራዬ ሁሉ ደህና ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን እንቅልፍ የለኝም፣ ሰውነቴ ተሳስሯል" የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ትንሽ ስንጨዋወት አንዱ ሥራ አጥቷል፣ አንዷ የምትወደውን ቀብራለች፣ ሌላው ሀገር ቀይሮ አልለመደለትም። ለእነዚህ ሰዎች ዛሬ ምክር ከመዘርዘሬ በፊት የአንድ ሰው ታሪክ ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ሀገር "የኅዳር በሽታ" ብለን የምናስታውሰው የ1918ቱ ኢንፍሉዌንዛ ሕንድንም ክፉኛ መታ። በዚያው ዓመት በደቡብ ሕንድ፣ ቤሉር በምትባል መንደር፣ በወረርሽኙ ከታመመች እናት አንድ ልጅ ተወለደ፤ ቢ.ኬ.ኤስ. ኢየንጋር። በልጅነቱ ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ተፈራረቁበት። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ። በትምህርቱም በእንግሊዝኛ ፈተና ወድቆ መቀጠል አልቻለም።

በ1934 የእህቱ ባል ክሪሽናማቻሪያ ወደ ማይሶር ከተማ ወሰደው። ክሪሽናማቻሪያ በንጉሡ ድጋፍ ዮጋ የሚያስተምሩ ቁጡ ሰው ነበሩ። ልጁ ሰውነቱ ከመድረቁ የተነሳ ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን መንካት ያቅተው ስለነበር መምህሩም ብዙ ተስፋ አልጣሉበትም። እሱ ግን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ተለማመደ፤ ጤናውም እየተመለሰ መጣ። በ1937፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ለማስተማር ወደ ፑኔ ከተማ ተላከ። እዚያም ብዙ ዓመት በችግር ኖረ።

በ1952 ዝነኛው ቫዮሊን ተጫዋች ዬሁዲ ሜኑሂን ቦምቤይ መጣ። በድካምና በእንቅልፍ እጦት ይሰቃይ ነበር። ለኢየንጋር የሰጣቸው አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ነገር ግን በእጃቸው ዘና ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ አውሮፓ ጋበዛቸው። "ላይት ኦን ዮጋ" የተባለው መጽሐፋቸው በ1966 ሲታተም ስማቸው በዓለም ናኘ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ "ታጋሽ ሰው ተሳካለት" ብለን እንለፈው ነበር። ግን አላለቀም።

በ1973 በፑኔ የዮጋ ማዕከል ለመገንባት ሥራው በተጀመረበት ሰሞን ባለቤታቸው ራማማኒ ሞቱ። ማዕከሉ በ1975 ሲከፈት በእሳቸው ስም ተሰየመ። በ1979፣ በ60 ዓመታቸው፣ ደግሞ ኢየንጋር የስኩተር አደጋ ደረሰባቸውና አከርካሪያቸው፣ ትከሻቸውና ጉልበታቸው ተጎዳ። ዕድሜ ልክ የሠሩት ሰውነት እንደ ጀማሪ ሆነ።

እሳቸውም እንደ ጀማሪ ጀመሩ። ለታመሙ ተማሪዎቻቸው ያዘጋጁትን ወንበር፣ ቀበቶ፣ ትራስና የእንጨት ድጋፍ ለራሳቸው ተጠቀሙበት። ለመመለስ ዓመታት ፈጀባቸው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የዮጋ ክፍሎች ውስጥ የምናያቸው ድጋፎች በብዛት የተለመዱት በእሳቸው ትምህርት ነው።

መምህራቸው ክሪሽናማቻሪያም ከዚህ አላመለጡም። ደጋፊያቸው ንጉሥ በ1940 አረፉ፤ ሕንድ በ1947 ነፃ ከወጣች በኋላ ትምህርት ቤቱ በ1950 ተዘጋ። ከ60 ዓመት በላይ ሆነው ማድራስ ከተማ ላይ ከዜሮ ጀመሩ። እዚያም ልምምዱን በእያንዳንዱ ሰው አቅምና ሕመም ልክ እየቆረጡ አስተማሩ። በ100 ዓመታቸው፣ በ1989 አረፉ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ጽናት ማለት አለመሰበር አይደለም። ዛሬ ባለን አቅም፣ ድጋፍ ይዘን፣ ከትንሹ እንደገና መጀመር ነው።

እንደ ሐኪም ግን ሁለት ነገር ልጨምር። ኢየንጋር በልጅነታቸው ሲታመሙ የቲቢ መድኃኒት አልነበረም፤ ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። ዛሬ ቲቢ በመድኃኒት ይድናል፣ በሀገራችን የጤና ተቋማትም ሕክምናው በነፃ ይሰጣል። ስለዚህ ማንም በዮጋ ተማምኖ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ሁለተኛ፣ ኢየንጋር በኋለኛ ዕድሜያቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም ገጥሟቸው ነበር። ዮጋ ከበሽታ ሁሉ የሚከልል ጋሻ አይደለም። ሆኖም እስከ ዘጠናዎቹ ዕድሜያቸው እየተለማመዱ በ2014፣ በ95 ዓመታቸው አርፈዋል።

ዛሬ ማታ ልትጀምሩት የምትችሉት፦

1. በጀርባችሁ ተኝታችሁ ከጉልበት በታች ያለውን እግራችሁን ወንበር ላይ አሳርፉ። 10 ደቂቃ ይበቃል።

2. በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ወደ ውስጥ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ወደ ውጭ ተንፍሱ። አየር የምናስወጣበት ጊዜ ሲረዝም ሰውነትን የሚያረጋጋው ቬገስ ነርቭ ይሠራል፣ የልብ ምትም ይቀንሳል።

3. በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት አድርጉት። በሳምንት አንዴ ከሚደረግ ረጅም ልምምድ በየቀኑ ትንሽ ይሻላል።

ጥንቃቄ፦ ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ ግላኮማ ወይም የአንገት ችግር ያለባችሁ ጭንቅላት ወደ ታች የሚሆንባቸውን እንቅስቃሴዎች አታድርጉ። እርግዝናችሁ የገፋ እናቶች በጀርባችሁ ረጅም ጊዜ አትተኙ፤ በግራ ጎናችሁ ተኙ። የዮጋ ሥር በሕንድ ሃይማኖታዊ ባህል ውስጥ ስለሆነ የማይመቻችሁ ካላችሁም፣ ቀስ ብሎ መተንፈስና በእግር መሄድ ይረዳችኋል።

ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ፣ ምግብና ሥራ ከከለከላችሁ ባለሙያ አማክሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አትቆዩ፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱ። እርዳታ መጠየቅ ሽንፈት አይደለም፤ ኢየንጋርም የተነሱት ወንበር ተደግፈው ነው።

ሰሞኑን ነገር ለከበደው ወዳጃችሁ አጋሩት።