አርነት የወጣ ሰው ምን ያድርግ?

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ በፈረስ ትሞላለች። የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ያስባል። ያጌጡት ፈረሶች ሲጋልቡ ያየ ሰው ነጻነት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ማንም ሳይሰብከው ይገባዋል። እኛም በዓሉን እንወደዋለን። ስለ ዓድዋ እግዚአብሔርን ማመስገን ከመንፈሳዊነት አያጎድልም።

ይሁን እንጂ ፈረስ ሌላም ታሪክ አለው። ለዘመናት የአገራችን የሕግ መጽሐፍ የነበረው ፍትሐ ነገሥት፣ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ይቀበላል። አንዱን የሌላው ተገዥ ያደረጉት ጦርነትና የፈረስ ጉልበት እንደሆኑም ይናገራል። ይህን ያህል እውነት ካየ በኋላ ግን ለባርነት ቦታ ይሰጣል።

በአገው ምድር ይህ የወረቀት ነገር ብቻ አልነበረም። ከደጋው የወረዱ ሰዎች ቆላ የሚኖሩትን የጉሙዝ ወገኖቻችንን ለብዙ ትውልድ እያደኑ ባሪያ አድርገዋል። ከዓባይ ማዶ የተነዱ ምርኮኞችም እንደ ባሶ ባሉ የጎጃም ገበያዎች ተሸጠዋል። እንግሊዛዊው ቆንስል ቺዝማን ዳንግላ በነበረበት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934) እንኳ ነገሩ ገና አላበቃም ነበር። አገው ራሱ ዐፄ ሠርፀ ድንግልና ዐፄ ሱስንዮስ የዘመቱበት ሕዝብ ነው። የተበደለ ሰው ተመልሶ አይበድልም የሚል ካለ ይህን ታሪክ ይመልከት። እግዚአብሔር እስራኤልን በግብፅ ባሪያ እንደነበሩ ደጋግሞ ያሳሰባቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች። በዚያው ዓመት አንድ አዋጅ፣ በ1923 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጣ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1942) ነው። ነጻ ከወጡት መካከል ብዙዎቹ መሬት አልነበራቸውም፤ የሚሄዱበት ስላጡም በቀድሞ ጌቶቻቸው ደጅ ቀሩ። ዘዳግም 15 ግን ባሪያውን ነጻ የሚያወጣ ሰው ከመንጋው፣ ከአውድማውና ከወይን መጥመቂያው ሳይሰጥ ባዶ እጁን እንዳይሰደው ያዛል። በእግዚአብሔር ፊት ሰንሰለቱን መፍታት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም።

ዛሬ በዳንግላ ገበያ ሰው አይሸጥም። ቃሉ ግን ለስድብ ቀርቷል፤ ጋብቻ ሲታሰብም “ዘሩ ምንድን ነው?” የሚለው ጥያቄ በአማኞች ቤት ሳይቀር ይሰማል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመተከልና በአዊ ወሰን ከሁለቱም ወገን ደም ፈስሷል፤ ተፈናቃዮች ቻግኒ ተጠልለዋል። ጳውሎስ በገላትያ 5 አርነት የወጡትን ሰዎች ነጻነታቸውን ለሥጋ ምክንያት እንዳያደርጉት፣ ይልቁንም በፍቅር እርስ በርስ እንዲያገለግሉ ያሳስባል። “ነጻ ሰው ነኝ፣ ማን ይነካኛል?” የሚለው አነጋገራችን ከዚህ ቃል ጋር እንዴት እንደሚስማማ እንጃ።

ወንጌላውያን በዚህ ረገድ የምንማርበት ሰው አለን። ኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ሂካ ተብሎ የተወለደው ልጅ በባሪያ ነጋዴዎች ተነጥቆ ብዙ ጊዜ ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1872 ሲጠመቅ ስሙ ኦነሲሞስ ሆነ። በፊልሞና መልእክት ውስጥ ጳውሎስ ከባሪያ የሚበልጥ ወንድም ያለው ያው ስም ነው። ስዊድን ሄዶ ተምሯል፤ ከዚያ በኋላ በሰላም ስፍራ ኑሮውን ቢያደላድል ማንም ባልከሰሰው። እሱ ግን ወደ ወገኖቹ ለመድረስ ደጋግሞ ሞከረ፤ ጉዞው ሲከሽፍበትም ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ። እንደ እሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ በዚህ ሥራ ብዙ ደክማለች፤ ስሟ ከእሱ ያነሰ መነሣቱ ያሳዝናል። ትርጉሙ በ1899 ታተመ። በ1904 ኦነሲሞስ ወደ ወለጋ ገብቶ ነቀምት ላይ የሕዝቡን ልጆች በቋንቋቸው ማስተማር ጀመረ። በ1931 ሲያርፍ፣ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ ሊወጣ ገና 11 ዓመት ይቀረው ነበር።