ወረንጦና ባክቴሪያ

የነርስነት ተማሪ ማይክሮባዮሎጂን ሀ ብሎ ሲጀምር የሚተዋወቀው ከሆላንዳዊው ሉቨንሁክ ማጉያ መነጽር፣ ከፓስተርና ከኮህ ጋር ነው። ክፋት የለውም። እኛ ግን ለመካነ ኢየሱስ ልጅ ትምህርቱ ከአያቱ ወረንጦ ቢጀምር እንወዳለን። በእስቴ፣ በስማዳ፣ በጋይንት ያደገ ሰው ወረንጦ እሾህ ብቻ እንደማያወጣ ያውቃል። ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይን የሚወጋ ፀጉርም ይነቀልበታል። ከሳምንታት በኋላ መልሶ ይበቅላል፤ እንደገና ይነቀላል።

በሽታው ትራኮማ ነው፤ በሀገርኛው የዓይን ማዝ። አንድ ጊዜ ይዞ አያሳውርም። በልጅነት ደጋግሞ እየያዘ የዓይን ቆብን የውስጥ ገጽ ያቆስላል፤ ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ከዚያ ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቃል። ከሕፃናት የማይለዩት እናቶች ከወንዶች ይልቅ ይጠቃሉ።

ተጠያቂዋ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ ትባላለች፤ ታሪኳም አስቂኝ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልን)። በ1907 ሃልበርሽቴተርና ፕሮቫዜክ የተባሉ ተመራማሪዎች በጃቫ ደሴት ከዓይን በተፋቀ ሴል ውስጥ እንግዳ ነገር አዩ። ምንነቱ ግን አስቸገረ። ሌላው ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ምግብ ካገኘ ይራባል፤ ይህች ግን ሕያው ሴል ውስጥ ካልገባሁ አለች። ስለዚህ ለአሥርት ዓመታት ቫይረስ ተባለች። የስም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቫይረስን አንቲባዮቲክ አይነካውም። በ1957 ታንግ ፌይፋን የተባለ ቻይናዊ በእንቁላል አስኳል ከረጢት ውስጥ እንዳራባት አሳተመ፤ ቀጥሎም የገዛ ዓይኑን በክሎ ታመመ! የኮህን ሕግ እንዲህ በዓይኑ የከፈለበት ሰው ብዙ አናውቅም። ባክቴሪያነቷ የተረጋገጠው በ1960ዎቹ ነው።

ባክቴሪያ ስለሆነች ነው እንግዲህ ቴትራሳይክሊን ቅባት ለስድስት ሳምንት፣ በኋላም አዚትሮማይሲን በአንድ ጊዜ መጠን የሚሰጠው። በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከመቶ 63 ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ከኅዳር 2008 ጀምሮ በክልሉ "ማልትራ" በተባለው የወባና የትራኮማ ሳምንት መድኃኒቱ በጅምላ ታደለ፤ የልጆቹ መጠን በሚዛን ሳይሆን በቁመት መለኪያ ዱላ ይወሰን ነበር። ከዓባይ ማዶ በጎንቻ ሲሶ እነሴ በተደረገ ጥናት፣ በዓመት አንዴ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው መንደሮች ባክቴሪያዋ የተገኘችባቸው ልጆች በ42 ወራት ከመቶ 41.9 ወደ 1.9 ወርደዋል። ደስ ይላል። ነገር ግን ከአሥር ዓመት በላይ ከታደለ በኋላም በሽታው ከክልሉ አንዳንድ ወረዳዎች አልወጣም። ክኒኑ ዝንቡን አያባርርም፤ ውሃም አይቀዳም።

ወደ ወረንጦው እንመለስ። በአማራ ክልል 1,300 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2011 የታተመ ጥናት ነበር። ዓይናቸውን የሚነካው ፀጉር ከስድስት በታች የሆነ ታማሚዎች ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ግማሾቹ ጥሩ ወረንጦ ተሰጥቷቸው ከቤተሰባቸው የሚነቅልላቸው ሰው ሠለጠነ። የፀጉሩን መመለስ በመከላከል ቀዶ ሕክምናው በለጠ። በማየት ችሎታ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም።