ከቢስማርክ አልጋ የተሰረቀው ፎቶግራፍ

የቀድሞው የጀርመን መሪ ኦቶ ፎን ቢስማርክ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 1898 ምሽት ፍሪድሪክስሩ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። ሊነጋ ሲል ቪሊ ቪልከና ማክስ ፕሪስተር የተባሉ ሁለት የሀምቡርግ ፎቶ አንሺዎች፣ በገንዘብ ከያዙት የውስጥ ሰው ወሬው ደርሷቸው፣ በመስኮት ገቡ። አስከሬኑን አልጋው ላይ እንዳለ በማግኒዥየም ብልጭታ አንሥተው ወጡ።

ገዢ ሲያፈላልጉ ነገሩ ታወቀ። ፎቶው ተያዘ፤ ሰዎቹም ታሰሩ። ሕጉ ግን ክፍተት ነበረበት፦ ያለፈቃድ የሰው ቤት መግባት ወንጀል ቢሆንም ፎቶ ማንሣትን የሚከለክል አንቀጽ አልነበረም። በ1899 መጨረሻ የላይፕዚጉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሮማውያን ሕግ መርሕ ፈልጎ፣ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ነገር በያዡ እጅ ሊቀር አይገባም ሲል ለከሰሱት የቢስማርክ ልጆች ፈረደ። ታዲያ ፎቶ አንሺዎቹ ሳይገቡ በመስኮት ቢያነሡስ ኖሮ?

የ1907ቱ የጀርመን ሕግ ለዚህ መልስ ሰጠ። የሰው ምስል ያለፈቃዱ እንዳይሰራጭ ከለከለ፤ ከሞተም በኋላ ለ10 ዓመት ፈቃዱን ለቤተሰቡ ሰጠ።

ፈረንሳዮች ቀድመው ነበር። ዝነኛዋ ተዋናይት ራሼል በ1858 ስትሞት እህቷ ያስነሣችው የአስከሬን ፎቶ ለሥዕል መነሻ ሆነ፤ ሥዕሉም ገበያ ወጣ። እህቷ ከሰሰች፤ የፓሪስ ፍርድ ቤትም ሥዕሎቹ እንዲያዙ አዘዘ። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ከልክሏል።

እነዚህ ሁሉ የሚመለከቱት ግን ፎቶው ከተነሣ በኋላ የሚሆነውን ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ካሜራ የተደበቀባት ሴት ምስሏ ለማንም ባይታይ እንኳ ጉዳቱ ደርሶባታል፤ የተደፈረው ገመናዋ ነውና። ጀርመን በቤትና ከዕይታ በተከለለ ቦታ ያለን ሰው በድብቅ ማንሣትን በራሱ ወንጀል ያደረገችው በ2004 ነው። ለአንድ የአገር መሪ አስከሬን በ9 ዓመት የደረሰው ሕግ፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ላለች ተራ ሴት ሌላ 97 ዓመት መዘግየቱ ያሳፍራል።

ያም ቢሆን በባቡርና በደረጃ ላይ ከቀሚስ ሥር የሚያነሣው ሰው ከዚህ ሕግ ውጭ ነበር። በ2019 ሁለት ወጣት ሴቶች ይህም ወንጀል እንዲሆን ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። ፓርላማው ተቀበለ፤ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ድርጊቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ያስቀጣል።