ከእርሳስ እስከ ፎቶሾፕ

የቁጠባ ደብተራችንን ስናድስ ከሁላችንም አዲስ ጉርድ ፎቶ ተሰብስቦ ነበር። እኛ በሒሳብ ክፍል ያለነው ፎቶዎቹን ከስም ዝርዝሩ ጋር ስናመሳክር አንደኛዋን ማን እንደሆነች መለየት አቃተን። ለካ በግንባራቸውና በአንገታቸው ንቅሳት የምናውቃቸው እናታችን ናቸው! ፎቶ ቤቱ ንቅሳቱን አጥፍቶ፣ የፊታቸውን መስመር አለስልሶ፣ ጠይም መልካቸውን አቅልቶ ሰጥቷቸዋል። «እኔ መች አጥፋልኝ አልኩት?» አሉን። የዚህን ሙያ ታሪክ ማገላበጥ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ፎቶ ማሳመር ከኮምፒውተር ይቀድማል። የሙኒኩ ፎቶ አንሺ ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል እ.ኤ.አ. በ1855 በፓሪስ ኤግዚቢሽን አንድን ፎቶ እንደተነሳና ከታረመ በኋላ ጎን ለጎን አሳይቶ ሕዝቡን አስገርሟል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። በኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የፊት መስመር በኔጋቲቩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጭረት ነው። ባለሙያው ያንን ጭረት በሾለ እርሳስ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሲሞላው፣ በሚታተመው ፎቶ ላይ መስመሩ ይጠፋል። በአገራችንም የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያቸውን ለልጆቻቸው አውርሰዋል። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ከንፈርና ጉንጭ በብሩሽ ቀለም የተቀባባቸው የቆዩ ፎቶዎች ዛሬም በአንዳንዶቻችን ቤት አሉ።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ቶማስ ኖል እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረውን ፕሮግራም ከወንድሙ ከጆን ጋር አሳደገው፤ አዶቤ በ1990 ፎቶሾፕ ብሎ ለገበያ አወጣው። በ2002 የወጣው ሰባተኛው እትም ደግሞ ጠባሳ የሚሽር ብሩሽ ጨመረ። ብሩሹ ከጎን ያለውን ጤነኛ ቆዳ ቀድቶ ከቦታው ቀለም ጋር ያዋህደዋል። እርሳስ ብዙ ሰዓት የሚፈጅበትን በአንድ ጠቅታ ይጨርሳል። ለብሩሹ ግን ብጉርም ንቅሳትም አንድ ነው፤ የሚለየው የያዘው ሰው ነው። አሁንማ ስልኩ ራሱ ሳይጠየቅ ያለሰልሳል።

ሙያውን አንኮንንም። የአንዲት አባላችን እናት ሲያርፉ የቀረው ፎቶ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ብቻ ነበር፤ ማኅተሙም ጉንጫቸው ላይ አርፏል። አንድ ወጣት ሌሊቱን ማኅተሙን አጥርቶ፣ አሳድጎ ለለቅሶው አደረሰልን። ልጃቸው ፎቶውን አቅፋ ያለቀሰችውን አንረሳም።

እናታችን እንደገና ፎቶ ተነሱ። ነጠላቸውን ከአንገታቸው ዝቅ አድርገው ተቀመጡ፤ ወጪውንም «ልዩ ልዩ» ከሚለው መደብ ላይ መዝግበናል።