ረምላ (የሴት መጠሪያ ስም)
ረምላ ከዐረብኛው «ረምል»፣ ማለትም አሸዋ፣ የወጣ ስም ነው። በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ዘንድ እንደ ፋጡማ፣ ዘይነባ ወይም ከድጃ አይዘወተርም፤ ከአገራችን ጋር ያለው ዝምድና ግን ከሦስቱም የጠበቀ ነው።

ስሙን ያስከበረችው ኡሙ ሐቢባ በመባል የምትታወቀው ረምላ ቢንት አቢ ሱፍያን ናት። አባቷ የመካ ታላቅ ሰውና የአዲሱ እምነት ተቃዋሚ በነበረበት ዘመን ከባሏ ጋር ወደ ሐበሻ ተሰደደች፤ ባሏም እዚሁ ሞተባት። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ነቢዩ ሙሐመድ ለትዳር ሲጠይቋት መልእክቱን ያደረሰችላት አብረሃ የተባለች የሐበሻው ንጉሥ የነጃሺ ደንገጡር ነበረች። ረምላ ከደስታዋ ብዛት የብር አምባሯንና ቀለበቶቿን አውልቃ ሸለመቻት። ነጃሺ 400 ዲናር መህር (ጥሎሽ) ከፍሎ ኒካሁ (ጋብቻው) ታሰረ፤ አብረሃም በንጉሡ ትእዛዝ ጌጡን መልሳ አመጣችላት። ረምላ እ.ኤ.አ. በ628 ወደ መዲና ተጓዘች።

ስሙ ሙስሊሞች ጥቂት በሆኑባቸው አካባቢዎች ደግሞ ይበልጥ ብርቅ ነው። ለምሳሌ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በምሥራቅ ጎጃም የሙስሊሙ ቁጥር ከመቶ 3 አይሞላም ነበር፤ ስለዚህም በደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ረምላ ብርቅ ስም ነው። ዐረብኛ ስሞች ግን ለደጋው እንግዳ አይደሉም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎጃም የነበረው የባሶ ገበያ አሞሌ፣ ወርቅና ቡና እየጫኑ ዓባይን የሚሻገሩ ሙስሊም ነጋዴዎች መገናኛ ነበር።

ለሴት ልጁ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ዐረብኛ ስም የሚሻ ወላጅ ረምላን ቢመርጥ መልካም ነው።